የጫጕላ መንገድ በዛንዚባር

ሰው ባገባ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ቀኖች ከሌሎቹ ቀኖች ለይቶ ማክበር በየአገሩና በየዘመኑ የኖረ ልማድ ነው። በኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍ ያለው ሕግ አዲስ ሚስት ያገባውን ሰው ለአንድ ዓመት ወደ ጦርነት አይልከውም፤ ሌላም ሸክም አይጭንበትም፤ በቤቱ ተቀምጦ ያገባትን ሴት ደስ እንዲያሰኛት ይተወዋል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ባለጸጎች የሆኑ ሙሽሮች ከሠርጉ በኋላ ለጕዞ ይነሡ ነበር። የጕዞውም ምክንያት ወደ ሠርጉ ለመምጣት ያልተቻላቸውን ዘመዶች በየቤታቸው ለመጐብኘት ነበርና፥ አንዳንድ ጊዜ ወዳጅ ወይም ዘመድ አብሯቸው ይሄድ ነበር። ሙሽሮች ብቻቸውን ሆነው ማንም ወደማያውቃቸው አገር የመሄዳቸው ልማድ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው።

በኢትዮጵያም ሙሽሮች ወደ ጫጕላ ቤት ይገቡ ነበር፤ ልማዱም ዛሬ ፈጽሞ አልጠፋም። ሙሽራውና ሙሽሪት በተለየ ቤት ወይም በተጋረደ ጓዳ ይቀመጣሉ፤ ሥራ አይነኩም፤ ገንፎው በቅቤ፥ ሥጋውም በየዓይነቱ በሚዜዎች እጅ ይቀርብላቸዋል። ይህን የሚመለከት እንግዳ ሰው ሙሽሮቹ እንደ ንጉሥና እንደ ንግሥት ተቀምጠው መብላታቸውን ብቻ ሊያደንቅ ይችላል። ነገር ግን የልማዱ ኀይል ያለው በሚበላው ሳይሆን በሚያበላው ሰው ዘንድ ነው። ሚዜው ዋጋ አይቀበልም፤ ድካሙም በሙሽራው ላይ እንደ ብድር ይቈያል። እርሱ በተራው ባገባ ጊዜ የትናንቱ ሙሽራ ወገቡን ታጥቆ ያገለግለዋል፤ ባልና ሚስት በተጣሉም ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሽማግሎች አስቀድሞ የሚጠራው ሚዜው ነው። ስለዚህ የጫጕላ ቤት የዕረፍት ቤት ብቻ አልነበረም፤ ሰው ለሰው ያለ ዋጋ ማገልገሉ ምን እንደሚመስል ሙሽሮቹ በዐይናቸው የሚያዩበት የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ነበር።

በዛሬው ጊዜ በከተማ የሚኖሩና ገንዘብ ያላቸው ሙሽሮች በአውሮፕላን ተሳፍረው ጫጕላቸውን በባሕር ማዶ ያደርጉታል። ይህም ጕዞ ብዙ ጊዜ በሁለት ይከፈላል፤ የሚበዙት ቀኖች በሞቃት ባሕር ዳር በተሠሩ ታላላቅ ሆቴሎች፥ የቀሩት ጥቂቶቹ ደግሞ በአንድ ከተማ ያልፋሉ። ወደ ማልዲቭ ደሴቶች የሚሄደው በዱባይ፥ ወደ ባሊ የሚሄደው በሲንጋፖር ጥቂት ቀን ይቈያል። በዛንዚባር ግን ባሕር ዳሩና ከተማው በአንዲት ደሴት ላይ ናቸው፤ ከአዲስ አበባም በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ትርቃለች። ባሕሩ ለሙሽሮች የሚሰጠውን ከተማውም የሚሰጠውን ለይቶ ለመመርመር ከዚህ የቀረበ ስፍራ በቀላሉ አይገኝም።

በተለምዶ ዛንዚባር ተብላ የምትጠራው ታላቂቱ ደሴት የራስዋ ስም ኡንጉጃ ነው። ከታንዛኒያ የየብስ ዳርቻ 36 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ከሰሜን እስከ ደቡብ ርዝመትዋ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ነፋሳት ይፈራረቁባታል። ካስካዚ የሚባለው ከታኅሣሥ ጀምሮ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ኩሲ የሚባለው ከሚያዝያ በኋላ ከደቡብ ይመጣል። በጥንት ዘመን ከዐረብና ከሕንድ የሚመጡት ባለ ሸራ መርከቦች በመጀመሪያው ነፋስ መጥተው በሁለተኛው ይመለሱ ነበርና፥ ደሴቲቱን ያበለጸጋትም ያስለቀሳትም ይኸው የነፋስ መንገድ ነው። ታላቁ ዝናም ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት፥ ትንሹም በኅዳር ግድም ይዘንማል። ስለዚህ እንግዶች የሚመርጡት ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ወይም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሙሽራና አንዲት ሙሽሪት ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደዚህች ደሴት ሄዱ። እርሱ የባንክ ሒሳብ ሠራተኛ፥ እርስዋ የመድኃኒት ባለሙያ ነበሩ። ለጕዞው ሁለት ዓመት ዕቁብ ጥለው ነበር፤ ዕቁቡ በወጣላቸው ጊዜ ገንዘቡን ለቤት ዕቃ ያውሉት ወይስ ለመንገድ በማለት ብዙ ተመካከሩ፤ በመጨረሻም መንገዱን መረጡ። ዐሥር ቀኖች ነበሩአቸው፤ አምስቱን በደሴቲቱ ሰሜን በኑንግዊ፥ ሁለቱን በምሥራቁ ዳርቻ በጃምቢያኒ፥ ሦስቱን በከተማው ለማሳለፍ ቈረጡ። በመልሱ ዕለት የሙሽሪት አያት ይህን ሰምተው፥ «ሚዜዎቻችሁ አብረዋችሁ ይሄዳሉ ወይ?» ብለው ጠየቁ። ሙሽሪትም፥ «የለም እማማ፤ ሆቴሉ ያገለግለናል» አለቻቸው። «መልካም ነው፤ ሆቴሉ የማን ልጅ ነው?» አሉ። በዚያ የነበሩት ሁሉ ሣቁ፤ እርሳቸው ግን አልሣቁም።

በኑንግዊ የተቀበላቸው ሆቴል የተባለውን ሁሉ ፈጸመ። በደጁ ሽቶ የተረጨበት ቀዝቃዛ ፎጣና አናቱ የተቈረጠ ኮኮናት ተሰጣቸው፤ በአልጋቸውም ላይ የአበባ ቅጠል ተነስንሶ አገኙት። የክፍላቸው በረንዳ ወደ ባሕር ይመለከታል። በሰሜኑ ዳርቻ ባሕሩ እንደ ምሥራቁ ርቆ አይሸሽምና አብዛኛውን ቀን መዋኘት ይቻላል። ውኃው በቅርቡ እንደ ብርጭቆ ይጠራል፤ ራቅ ሲል አረንጓዴ፥ ከዚያም ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል፤ በሠርክም ፀሐይ ስትጠልቅ ባለ ሸራ ጀልባዎች በፊትዋ ሲያልፉ ይታያሉ። ይህን ውበት ከንቱ ነው ብሎ የሚያጣጥል ሰው አላየውም ማለት ነው። ከሠርግ ጥድፊያ በኋላ፥ ከድንኳኑና ከጥሪው፥ ከምግቡና ከመጠጡ ሐሳብ በኋላ፥ ሁለቱ ሙሽሮች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀኖች አብዛኛውን ተኙ። እንቅልፉም ደግ ነገር ነበር።

በሦስተኛው ቀን ግን ሁለቱም ስሙን የማያውቁት ጕድለት ተሰማቸው። ሙሽራው ለሚስቱ ውኃ ሊያመጣላት ሲነሣ አሳላፊው ቀድሞት ብርጭቆውን ሞልቶ ነበር። እርስዋም ሸሚዙን ልታጥፍለት ስትሻ ታጥቦና ተተኵሶ ተሰቅሎ አገኘችው። ወንበር የሚስብ፥ ጥላ የሚያዞር፥ አሸዋውን ከእግር የሚያጥብ ሰው ነበረ። ጠዋት በቁርሱ ገበታ ላይ ማንጎው፥ አናናሱና ፓፓያው ተልጦ ተቈርጦ ይቀርባል፤ አንዱ ለሌላው የሚልጠው ፍሬ እንኳ አልነበረም። በገንዘባቸው ከገዙት መልካም ነገር ሁሉ መካከል አንዱ ለሌላው የሚያደርገው ነገር ብቻ ታጣ።

በአራተኛው ማታ ጠብ ሆነ። ሙሽሪት ባልዋን ደስ ለማሰኘት ብላ በስውር እራት አዘዘች፤ በአሸዋው ላይ ለሁለት ብቻ ገበታ ተዘረጋ፥ በዙሪያውም መብራት በራ። እራቱ ካበቃ በኋላ ሒሳቡ በዶላር ተጽፎ መጣ። ሙሽራው የሒሳብ ሰው ነውና ወረቀቱን አንብቦ እንደገና አነበበው። «ደስ ይልሃል ብዬ ነበር» አለችው። «ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ይህ የአንድ ወር የቤት ኪራያችን ነው» አላት። እርስዋ በልብዋ የሰጠችው ስጦታ በቍጥር ሲመዘን ሰማች፤ እርሱም ሳይጠየቅ የተደረገው ወጪ ከነገው ኑሮ ላይ ሲነሣ አየ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። በቤታቸው ቢሆኑ አንዱ ወደ ጓዳ ገብቶ ዕቃ ያጥብ፥ ሌላው ወደ ጎረቤት ወጥቶ ልቡን ያበርድ ነበር፤ በጫጕላ ቤትም ቢሆኑ ሚዜው ቀልዶ ያስቃቸው ነበር። በዚያ ግን የሚሄዱበት ቦታ፥ የሚሠሩትም ሥራ አልነበራቸውም። አሳላፊው ሲያመጣ የነበረውን ፈገግታ ሳይለውጥ ሳሕኑን አነሣ፤ እነርሱም ዝም ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

በስድስተኛው ቀን ወደ ጃምቢያኒ ተዛወሩ። በምሥራቁ ዳርቻ ባሕሩ በቀንና በሌሊት ሁለት ጊዜ ወደ ኋላው ይሸሻል፤ ወለሉም እስከ ሩቅ ድረስ ተገልጦ በእግር የሚኬድበት እርጥብ ሜዳ ይሆናል። ለመዋኘት ብቻ የመጣ እንግዳ በዚህ ያዝናል። ነገር ግን ባሕሩ በሸሸ ጊዜ የመንደሩ ሴቶች ለሥራ ይወጣሉ። ሥራቸውም ምዋኒ የሚባለውን የባሕር ተክል ማብቀል ነው። በአሸዋው ውስጥ በተርታ ችካል ይተክላሉ፤ በችካሉና በችካሉ መካከል ገመድ ይዘረጋሉ፤ በገመዱም ላይ ትናንሽ ቡቃያ እያሰሩ ይተዉታል፤ ባሕሩም ተመልሶ ይሸፍነዋል። ካደገ በኋላ ተለቅሞ፥ ደርቆ ወደ ውጭ አገር ይላካል፤ ከእርሱም የሚወጣው ማወፈሪያ በጥርስ ሳሙና፥ በአይስ ክሬምና በልዩ ልዩ ቅባት ውስጥ ይገባል። ይህ እርሻ በደሴቲቱ ለንግድ የተስፋፋው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ ገበሬዎቹም አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። የባሕሩ ውኃ እየሞቀ በመሄዱ በጥልቀት ዝቅተኛ በሆነው ስፍራ ተክሉ ይታመማል፤ ወደ ጥልቁ እንዳይወስዱት ደግሞ ከሴቶቹ ብዙዎቹ ዋና አያውቁም።

ሙሽሪት በማለዳ ብቻዋን ወደዚያ ሜዳ ወጣች። ከነጂያቸው የተማረችውን ሰላምታ ቡቃያ ለምታስር አንዲት አሮጊት አቀረበች። በዚያ አገር ታናሽ ለታላቅ «ሺካሞ» ይላል፤ ታላቁም «ማራሃባ» ብሎ ይመልሳል፤ የቃሉም መነሻ እግርዎን እይዛለሁ ማለት ነው ይባላል። ጕልበት መሳም ባለበት አገር ላደገች ልጅ ይህ እንግዳ ሰላምታ አልሆነባትም። አሮጊቲቱም ሥቀው መለሱላት፤ ከጐናቸውም አስቀምጠው የገመዱን አስተሳሰር በእጃቸው አሳዩአት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሙሽራው ሚስቱን ፍለጋ መጥቶ ከእርስዋ አጠገብ በጕልበቱ ተንበረከከ። እርሱ ያሰራቸው ቋጠሮዎች ሁሉ ይፈቱ ነበርና አሮጊቲቱ አንድ ቃል ሳይናገሩ እየተከተሉ እንደገና ያስሩአቸው ነበር። ሙሽሪትም ይህን አይታ ሣቀች፤ ከእራቱ ማታ በኋላ የመጀመሪያ ሣቅዋ ነበር። ባሕሩ መመለስ በጀመረ ጊዜ ሦስቱም ተነሡ።

ከዚያ በኋላ ወደ ከተማው ገቡ። ስሙ በስዋሂሊ ምጂ ምኮንግዌ፥ ይኸውም አሮጌው ከተማ ማለት ነው፤ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ የድንጋዩ ከተማ ይባላል። የዑማኑ ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ በ19ኛው መቶ ዓመት መንበሩን ከመስቀጥ ወደዚህ አዛወረ፤ ቅርንፉድና የዝሆን ጥርስም ባለጸጋ አደረጉት። ቤቶቹ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው፤ ጣራቸውን የሚሸከመው እንጨት በባሕር ዳር ከሚበቅለው ከማንግሮቭ ዛፍ የተቈረጠ ስለሆነ የክፍሎቹ ስፋት በእንጨቱ ርዝመት የተወሰነ ነው። በሮቹ በጥርብ ሥራና በናስ ጕልላት ያጌጡ ናቸው። በ2000 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ከተማውን በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው። መንገዶቹ ከመጥበባቸው የተነሣ በብዙዎቹ መኪና አይገባም፤ ካርታ የያዘ ሰው እንኳ ይጠፋል። ሙሽሮቹም በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ጠፉ። እርስዋ መጠየቅ ትወዳለች፤ እርሱ ግን ራሱ ማግኘት ይሻል፤ ይህንንም አንዱ ስለ ሌላው እስከዚያ ቀን ድረስ አያውቁም ነበር።

ያረፉት የድሮ ነጋዴ ቤት በነበረ በአንድ አነስተኛ ማረፊያ ውስጥ ነበር፤ ክፍላቸው በሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲሆን የእንጨቱ ደረጃ ገደል ያህል ቀጥ ያለ ነው፤ አሳላፊ የሚጠራበት ደወልም የለውም። ማታ በባሕሩ ዳር ፎሮዳኒ በሚባለው አትክልት ቦታ ከተዘረጋው የምግብ ገበያ በሉ፤ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር ጠጡ። ሙሽሪትን በዚያው ሌሊት ትውከትና ተቅማጥ ያዛት። ከምግቡ ይሁን ከፀሐዩ አልታወቀም። ሙሽራው ግራ ገብቶት ወደ ደረጃው ሮጠ፤ በታች ያገኘው የተኛ ዘበኛ ብቻ ነበር። ተመልሶም ሲመጣ ሙሽሪት በደከመ ድምፅ፥ «አትሩጥ፤ አንድ ሊትር ውኃ አፍላና አቀዝቅዘው፤ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምርበት፤ ማንኪያውን አስተካክለህ ለካ፥ ክምር አታድርገው» አለችው። በመጀመሪያው ጊዜ ጨውን አበዛውና ቀምሳ መለሰችለት፤ በሁለተኛው ግን የሒሳብ ሰውነቱ ረዳው። እስኪነጋ ድረስ ጥቂት በጥቂት እያደረገ አጠጣት፤ ሳፋውን አውጥቶ ደፋ፥ ጨርቁን አጥቦ በመስኮቱ ብረት ላይ አሰጣ። በኑንግዊ ሰው ሁሉ ያገለገለው ያ ሙሽራ በዚያች ሌሊት አገልጋይ ሆነ፤ እርስዋም መታየት የማትወደውን ድካምዋን በፊቱ ገለጠች። በነጋም ጊዜ ስለ እራቱ ሒሳብ የተናገረውን ይቅር እንድትለው ጠየቃት፤ እርስዋም፥ «እኔም ሳልነግርህ አላዝም» አለችው። ከዚህ ሌላ ብዙ አልተነጋገሩበትም።

በመጨረሻው ቀን በጥቂቱ ስለበረታች ምኩናዚኒ ወደሚባለው ሰፈር ሄዱ። በዚያ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የምትባለው የአንግሊካን ካቴድራል ትገኛለች። ስፍራው ቀድሞ የባሪያ ገበያ ነበር። ከአፍሪካ የብስ የተነዱ በሺህ የሚቈጠሩ ወንዶች፥ ሴቶችና ልጆች እየተዳሰሱና እየተመረመሩ ይሸጡ የነበረው በዚያ ነው። በ1873 ሱልጣን በርጋሽ በእንግሊዝ መንግሥት ግፊት ስምምነት ፈርሞ ገበያውን ዘጋ፤ በዚያው ዓመት በልደት ቀን የቤተ ክርስቲያኒቱ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ሥራውን የመራው ኤድዋርድ ስቲር በኋላ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ፤ መጻሕፍትንም ወደ ስዋሂሊ በመተርጐም ደከመ። ታቦቱ የቆመበት ስፍራ ባሮች ታስረው የሚገረፉበት ምሰሶ የነበረበት እንደ ሆነ ይተረካል። በውስጥዋ ያለው የእንጨት መስቀል ዴቪድ ሊቪንግስቶን በ1873 በሞተ ጊዜ ልቡ ከተቀበረበት ዛፍ የተሠራ ነው። የባርነት ሕጋዊነት ራሱ በደሴቲቱ የቀረው ግን ገበያው ከተዘጋ ከብዙ ዓመት በኋላ፥ በ1897 ነው። በግቢው ውስጥ አንዲት የስዊድን ቀራፂ የሠራችው መታሰቢያ አለ፤ በጕድጓድ ውስጥ የቆሙ አምስት የተቀረጹ ሰዎች በአንገታቸው ሰንሰለት ታስረዋል፤ ሰንሰለቱም የዚያ ዘመን ሰንሰለት ነው። ሙሽሮቹ ከዚያ ጕድጓድ አፋፍ ላይ ረጅም ጊዜ ቆሙ።

ይህች ከተማ የሌላ ጋብቻ ታሪክም አላት። የሱልጣን ሰዒድ ልጅ ልዕልት ሳልሜ በ1844 ተወለደች። አባትዋ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ብዙ ዕቁባቶች ነበሩት፤ ከእነርሱም መካከል ከሐበሻ ምድር የመጡ ሴቶች እንደ ነበሩ ራስዋ በመጽሐፍዋ ጽፋለች። ጽሕፈት ለሴት ልጅ በተከለከለበት ቤት ጽሕፈትን በስውር ተማረች። በጐረቤትዋ ይኖር የነበረውን የሐምቡርግ ነጋዴ ሩዶልፍ ሩቴን ወደደች፤ በ1866 በእንግሊዝ መርከብ ከአገርዋ ወጣች፤ በ1867 በዓደን ተጠምቃ አገባችው። የሙሽርነት መንገድዋ የዛሬዎቹ ሙሽሮች ከሚመጡበት ተቃራኒ ነበር፤ ከሞቃቱ ባሕር ዳር ወደ ቀዝቃዛው ከተማ ሄደች፤ አገልጋይ ከሞላበት ቤተ መንግሥት ወጥታ የማታውቀውን ቋንቋና ኑሮ ጀመረች። ሦስት ዓመት ያህል ቈይቶ ባልዋ በ1870 በከተማ ባቡር አደጋ ሞተ፤ ሦስት ልጆችም ቀሩላት። የሕይወትዋን ታሪክ በጀርመንኛ ጽፋ በ1886 አሳተመች፤ በ1924 ዐረፈች። ከዛንዚባር ዳርቻ የተወሰደ ጥቂት አሸዋ እስከ ሞትዋ ድረስ ይዛ እንደ ነበረ ይነገራል።

እንግዲህ በዚህች አንዲት ደሴት ላይ ሦስት ዓይነት አገልግሎት ይታያል። የመጀመሪያው በሰንሰለት የተወሰደው ነው፤ እርሱም በሰው ላይ የተደረገ ግፍ ነውና መታሰቢያው ቆሞ ይመሰክርበታል። ሁለተኛው በደመወዝ የሚሠራው ነው፤ ይህን ከፊተኛው ጋር የሚያመሳስል ሰው ይሳሳታል። የሆቴሉ አሳላፊ ነጻ ሰው ነው፤ በላቡ ልጆቹን ያሳድጋል፤ ሰላምታና ክብርም ይገባዋል። ነገር ግን ሒሳቡ በተከፈለ ጊዜ በእርሱና በእንግዳው መካከል ያለው ነገር ያበቃል፤ የሚያበቃውም በማንም ክፋት አይደለም፤ ውሉ እንዲሁ ስለሆነ ነው። ሦስተኛው ያለ ሰንሰለትና ያለ ደመወዝ የሚደረገው፥ ሚዜ ለሙሽራ፥ ባል ለሚስት፥ ሚስትም ለባል የምታደርገው ነው። ትዳር የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ከመጠን ያለፈ ምቾት ጕዳቱ ኀጢአት መሆኑ አይደለም፤ የሦስተኛውን አገልግሎት ስፍራ ሁሉ አስቀድሞ በሁለተኛው መሙላቱ ነው። ገና መተዋወቅ የጀመሩ ሁለት ሰዎች አንዱ ለሌላው የሚነሣበት ምክንያት ሲታጣ በፊት ለፊት ተቀምጠው ይተያያሉ እንጂ አይተዋወቁም።

ስለዚህ ወደ ባሕር ማዶ ለመሄድ የሚያስቡ ሙሽሮች አይሂዱ አይባልም፤ ባሕሩ መልካም ነው፥ ከሠርግ በኋላም ዕረፍት ያስፈልጋል። ነገር ግን ቀኖቹን ሲከፍሉ ሦስት ቀን ለባሕሩ ቢሰጡ ይበቃቸዋል፤ የቀረውን ለመንደሩና ለከተማው ያድርጉት። ባሕሩን አስቀድመው፥ ከተማውን በመጨረሻ ያድርጉ፤ የደከመ ሰው ከተማን በትዕግሥት አያይምና። በከተማውም የሚያድሩበት ቤት ራሳቸው ውኃ የሚቀዱበትና ሻይ የሚያፈሉበት ቢሆን ይመረጣል። የደሴቲቱ ሕዝብ ከጥቂቶች በቀር ሙስሊም ነውና በባሕር ዳር የሚለበሰውን ልብስ ወደ ከተማ ይዘው አይግቡ፤ ትከሻና ጕልበት የሸፈነ ሰው በየደጁ በመልካም ዐይን ይታያል። የሚያገለግላቸውን ሰው ስሙን ይጠይቁት፥ በስሙም ይጥሩት። ወጪውን ሁሉ፥ ስጦታ እንኳ ቢሆን፥ ከመንገዱ በፊት ሁለቱ ተቀምጠው ይነጋገሩበት፤ በብድር ግን አይሂዱ፤ በብድር የተገዛ ዕረፍት ዕዳው ሲጠየቅ ሁለቱን ሰዎች በአንድ ገበታ ላይ ያጣላቸዋልና።

ወላጆችና ዘመዶችም ከዚህ የሚወስዱት ነገር አለ። ልጆቻቸው ከጕዞ ሲመለሱ የጫጕላውን ቍርጥራጭ ያዘጋጁላቸው፤ ሚዜዎችም በአውሮፕላን ስላልተከተሉአቸው ሥራቸው እንዳበቃ አይቍጠሩት። አዲስ ቤት ሲደራጅ ምጣድ የሚያሟሽ፥ አልጋ የሚያቆም፥ ማታ መጥቶ የሚያጫውት ሰው ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ሙሽሮች ደግሞ ዛንዚባርን አያዩአትም፤ ዕቁባቸው ለምጣድና ለአልጋ ይውላል። እነርሱ ከቀረባቸው ነገር መካከል የባሕሩ ቀለም አንዱ ነው፤ እርሱም ማየት የሚያስመኝ ቀለም ነው። ነገር ግን ያ ሙሽራ በሦስተኛው ፎቅ ላይ እስኪነጋ የለካው ውኃ፥ ስኳርና ጨው በየጓዳቸው አለ፤ የሚያሸልመውም ሌሊት ሳይጠሩት ይመጣል።